ድምፅ ሳይኖር የሄዱ እርሳሶች

ማስቲካ ከጠረጴዛ ሥር ፍቆ የማያውቅ ሰው ስለ መጸየፍ ብዙ ባያወራ ይሻላል። ደርቆ ድንጋይ የሆነው ግድ የለም፣ በቢላዋ ጫፍ ጎሸም ሲያደርጉት ጠብ ይላል። የሚያቅለሸልሸው የትናንቱ ነው፤ የሰው ምራቅ ገና ያልለቀቀው፣ ሲስቡት እንደ ክር እየረዘመ ጓንት ላይ የሚቀረው። ሌላ ሰው አኝኮ አኝኮ፣ ጣዕሙን ሁሉ መጥጦ ሲያበቃ ለኔ የተወልኝ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማለቂያ ላይ፣ አትላንታ በገባሁ በአራተኛው ዓመት፣ እንዲህ ያለ ማስቲካ በሳምንት አራት ቀን እፍቅ ነበር። ከምፍቅበት ክፍል ከሁሉ በላይ ያስጠላኝ ግን ማስቲካው አልነበረም። የምጽፈው ስለዚያ ስለ ሌላው ነው።

ክፍሏ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ዶራቪል ውስጥ፣ ከአንድ የቻይኖች ግሮሰሪ ጎን ነበረች። ቀድሞ የሩዝ ጆንያ ይከመርባት ነበር አሉ። ኋላ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ሰሌዳና አንድ ትልቅ የካሴት ማጫወቻ ገባባትና ሃይስኩል የሚማሩ የቻይና ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ እንግሊዝኛ የሚለማመዱባት ቤት ሆነች። የሚለማመዱት ሁለት ነገር ነው፤ ሰምቶ መረዳትና አንብቦ መረዳት። ካሴቱ አንድ ታሪክ ያወራል፣ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ለያንዳንዱ ጥያቄ አራት መልስ ተደርድሯል፤ ልጆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ከሚለው አጠገብ ያለችውን ክብ በእርሳስ ያጠቁራሉ። ንባቡም ያው ነው፤ ታሪኩ በካሴት ፈንታ በወረቀት ይመጣል እንጂ።

የኔ የጽዳት ሥራ የሚጀምረው ልጆቹ ሲወጡ ነው። ግን እግሬ አርፎ መቀመጥ አይወድም። ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ቀደም ብዬ እወጣና ያንን ረጅም መንገድ በእግሬ እየዞርኩ፣ የጎማ ቤቱን፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን አንድ በአንድ እየተሳለምኩ፣ ከሰዓቴ በፊት እደርሳለሁ። ከዚያ ባልዲዬን ገልብጬ በሩ አጠገብ ቁጭ እላለሁ። መምህሩ አይከለክሉኝም። ሸምገል ያሉ፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። «ማማ፣ ሲት፣ ሲት» ይሉኛል። ብርቱካን ሲልጡ ግማሹን ለኔ ነው። ልጠላቸው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት ካርቱም ሰው ቤት ስሠራ፣ በጆሮዬ ነው። በወረቀት ላይ ሲሆን አንዱን የፈረንጅ ፊደል ከሌላው አልለይም፤ በአፍ ሲሆን ግን፣ አፌ ባይፈታም ጆሮዬ አያመልጠውም። ስለዚህ ባልዲዬ ላይ ተቀምጬ ካሴቱን እሰማ ነበር።

አንዱን ታሪክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንዲት አሮጊት ሰማያዊ ሻንጣ ይዛ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣለች። ልጇ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ ብሏታል። ባቡሩ መጣ፣ ልጁ የለም። ዝናብ ጀመረ። አጠገቧ የነበረ ሰው ጃንጥላውን ሰጣት። እየመሸ ሲሄድ ሌላ ባቡር ተሰማ፣ አሮጊቷም ብድግ አለች። እዚህ ላይ ካሴቱ ጸጥ ይልና ሌላ ድምፅ፣ እንደ ቧንቧ ውሃ የቀዘቀዘ፣ «ጥያቄ አንድ። የሻንጣው ቀለም ምንድን ነው?» ይላል።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልደነገጠም። ልጁ መጣ? ወይስ አሮጊቷ እዚያው ቀረች? የሚጠይቅ የለም። ሻንጣው ሰማያዊ ነው፣ ቢ ነው፣ አለቀ። በኛ አገር ተረት ጀምሮ መሀል ላይ የሚያቆምን ሰው ልጆች እንኳ ልብሱን ይዘው አይለቁትም። እዚህ አሥራ ሁለት ጤነኛ ልጅ አሮጊቷን ዝናብ ላይ ጥሎ ወደ ጥያቄ ሁለት ይሄዳል። አስጠላኝ።

መምህሩም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር አይናገሩም፣ ስለዚህ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ።

«ታሪኩን አትከተሉ!» ይላሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ። «ታሪክ ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ መልሶቹን አንብቡ። ቃሉን ፈልጉ። ስታገኙት አጥቁሩና ልቀቁ። ለምን የሚል ይወድቃል።»

ከአሥራ ሁለቱ አንዷን አውቃታለሁ። እኔና ልጄ ከምንኖርበት አፓርታማ በላይ ከአባቷ ጋር የምትኖር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ እዚያው አገራቸው ናት። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ናይናይ» ትለኛለች፤ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎን አይለይም፣ እሷ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ ስለምታወራኝ እዚህ በእርስዎ ነው የምጽፍላት። መምህሩ ወረቀቷን ከፍ አድርገው ለሌሎቹ ያሳያሉ፤ አሥር ከአሥር፣ ሁልጊዜ።

በግንቦት በትምህርት ቤቷ ፈተና አለባት። ማዳመጡንና ንባቡን ያለፈ ከእኩዮቹ ጋር መደበኛው ክፍል ይገባል፤ የወደቀ ከታናናሾቹ ጋር ዓመቱን ይደግማል። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል። ከወደቅሽ ትምህርት ይብቃሽ፤ ዱሉዝ ከተማ፣ አጎትሽ የሚሠራበት መጋዘን፣ ሳጥን ታሽጊያለሽ ብለዋል። አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ምግብ ቤት ጓሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሰሃን የሚያጥቡ፣ የጣታቸው ጫፍ ሁልጊዜ እንደ ተቀቀለ ነጭ የሆነ ሰው ናቸው። ልጅቷ ይህን ደረጃው ላይ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። «አልወድቅም ናይናይ። አንደኛ ነኝ» አለችኝ። እኔም አመንኩ።

እንግዲህ አንድ ቀን በራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የአፓርታማው ቢሮ ነው የለጠፈው። ልጄ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ ያን ሳምንት ደብል ሺፍት ይዛ እንቅልፍ እንኳ አልነበራትም። ለምን አስቸግራታለሁ፣ አንደኛ የወጣች ልጅ ከላይ እያለችልኝ አልኩና ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

አነበበችልኝ። አቤት ስታነብ! እንደ ጅረት ነው የምትፈሰው፣ አንድ ቦታ አልተደናቀፈችም።

«እሺ፣ ምን ይላል?» አልኳት።

መልሳ አነበበችልኝ።

«እሱንማ ሰማሁ ልጄ። ምን ይላል?»

ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች። «ሐሙስ ይላል። ሐሙስ ሰዎች ይመጣሉ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት። ወደ ወጥ ቤት።»

«ለደግ ነው ለክፉ?»

አንዱን መስመር በጣቷ ነካች። «ነጻ ነው ይላል። ለደግ ነው።»

ሰው ሐሙስ ቤታችሁ ይመጣል ከተባለ እኛ ምን እናደርጋለን? የታወቀ ነው። ቤቱን ጠረግሁ፣ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ አነጠፍኩ፣ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ ወጥ ሠራሁ። የቅመሙን ቁም ሣጥን ከፍቼ፣ ከአገር ቤት በስንት ሰው እጅ የመጣውን በርበሬ ክዳኑን አንስቼ፣ እየጨለፍኩ ነው ሰዎቹ የደረሱት። ሁለት ናቸው። አፍንጫቸውን ሸፍነዋል፣ ጀርባቸው ላይ ጋን የሚያህል ነገር አዝለዋል። «ግቡ፣ ግቡ፣ ብሉ» አልኳቸው። አንዱ ዳቦውን አየና ለጓደኛው የሆነ ነገር አለው፣ ሁለቱም ሳቁ። ቁም ሣጥኑ ባዶ መሆን ነበረበት ለካ፤ እነሱ ግን የቸኮሉ ናቸው፣ ከእኔ ጋር ለመግባባት የሚያጠፉት ጊዜ የላቸውም። እንደ ተከፈተ መርዛቸውን ረጩበት።

ቀጥሎ የሆነውን ስጽፈው እንኳ ይቀፈኛል። በረሮው ከየስንጥቁ፣ ከየማጠፊያው ወጣ። ከጣሪያው ሥር ዳቦው ላይ ዱብ ዱብ አለ። አንዱ ጀርባው ላይ ተኝቶ ወጡ ውስጥ እግሩን ያወራጫል።

ልጄ ስትገባ እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነበር። ወረቀቱን አነበበች። አንዴ አነበበች፣ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«እማዬ» አለች፣ «ስፕሬይ የሚያደርጉትን ሰዎች ምሳ ጋበዝሻቸው?»

«እንግዳ መስለውኝ።»

«ካቢኔት ባዶ አድርጉ ይላል እኮ! ምግብ አውጡ ይላል እኮ! ማን ነው ያነበበልሽ?»

ማን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ነገር ግን ልጅቷ ሽታው ወደ ላይ ወጥቶባት ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በርበሬው ቆሻሻ መያዣው ውስጥ ሲገለበጥ አየች። ልጄን አየች፣ ወረቀቱን አየች።

«አንደኛ ነኝ እኮ ናይናይ» አለችኝ በትንሽ ድምፅ።

ልጄ ከት ብላ ሳቀች፣ ድካም ያመጣው ሳቅ። እኔ አልሳቅኩም። ይህች ልጅ አንደኛ ከሆነች የተቀሩት ምንድን ናቸው? እሷስ በምንድን ነው አንደኛ የሆነችው? እያልኩ ያን ሳምንት ቡፎርድ ሃይዌይን ከላይ እስከ ታች ለካሁት።

መልሱን ማክሰኞ አገኘሁት። እንደ ልማዴ ባልዲዬ ላይ ነኝ። መምህሩ የአሮጊቷን ካሴት ከተቱ። አሮጊቷ ጣቢያ ደረሰች፣ ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ ከዚያ ድምፁ እንደ ታመመ በሬ እየጎተተ ወፈረ፣ ተንሰቀሰቀ፣ ጠፋ። ማጫወቻው ካሴቱን በላው። መምህሩ ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ የተጠላለፈውን ክር በእርሳስ ጫፍ እየሳቡ ያወጣሉ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ። እህል የሚበላ ነቀዝ የሚመስል፣ ሽክሽክ ሽክሽክ የሚል።

እርሳሶቹ ናቸው። አልቆሙም። ካሴቱ ዝም ብሏል፣ ታሪክ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ አሥራ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ክብ ያጠቁራሉ። አንዱን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን። ልጅቷም እንደዚያው። ከሁሉ ቀድማ ጨረሰችና እርሳሷን አስቀምጣ በመስኮቱ መኪና ማየት ጀመረች። መምህሩ ካሴቱን አቃንተው ዘወር ሲሉ ወረቀቷን ሰጠቻቸው።

«አሥር ከአሥር!» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

 በረሮው እንኳ እንደዚህ አላስጠላኝም። ቢ፣ ሲ፣ ኤ፣ ዲ፤ ሌላ ሰው አኝኮ የጨረሰው፣ ጣዕም የሌለው፣ ከአንዱ ወረቀት ተነቅሎ ሌላው ላይ የሚለጠፍ። እኔ ከሥር የምፍቀውን እነሱ ከላይ ይለጥፉታል።

ልጆቹ ሲወጡ መምህሩን ጠየቅኋቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ በልቤ ግን እርስዎ እያልኩ። «ካሴቱ ዝም አለ። ልጆቹ ጻፉ። እንዴት?»

ፈገግ አሉ። «ለምደውታል ማማ። ጥሩ ነው። እጃቸው ለመደ ማለት ነው። ፈተናውም ይህንኑ ይመስላል፣ ካሴቱ የተገኘው ከዚያው ከፈተናው ነው።»

«ሌላ ካሴት ቢመጣስ?»

«ያው ነው፣ ያው ነው» አሉና ወደ መንገድ የሚያየውን መስኮት አሳዩኝ። እዚያ ላይ በቀደሙት ዓመታት ፈተናውን ያለፉ ልጆች ፎቶ ተለጥፏል። ያን መስታወት የማጸዳው እኔ ነኝ፣ የልጆቹን ፊት ሁሉ አውቀዋለሁ። ብርቱካን ሰጡኝ። ኪሴ ከተትኩት፣ መብላት አልቻልኩም።

እንዲህ የጠላሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም ምስክር ወረቀት አለኝ። አገር ቤት ሳለሁ ያልተማረ አዋቂ ሁሉ ፊደል ይቁጠር ተብሎ ከሰፈር ሴቶች ጋር ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰብ ነበር። አስተማሪያችን አንዱን ገጽ ደጋግሞ አነበበልን፣ እኛም ደጋግመን አልን፣ በቃላችን ገባ። ቃል መያዝማ ለኛ ምን ችግር አለው! ተቆጣጣሪ የመጣ ዕለት እኔን አስነሡኝ። ገጹን አንድ ቃል ሳልስት ወረድኩት። ጭብጨባው ቀለጠ። ስቀመጥ ጎረቤቴ ጎኔን ጎሽማ «መጽሐፉን ዘቅዝቀሽ ነው የያዝሽው» አለችኝ። ተቆጣጣሪውም አይቶታል፤ ዓይኑን ከመጽሐፉ አንስቶ ፊርማውን አኖረ። አነበበች የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፣ በፍሬም አድርጌ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ ያመሰግነኛል፣ እኔ ወረቀቱ ላይ ስሜ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የለየሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ካርቱም፣ አብራኝ የተሰደደች ሴት አሸዋ ላይ በጣቷ እየጻፈች አስይዛኝ። ያንን የሰቀልኩትን ወረቀት ሳስብ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ምሬት ይመጣል።

በማግስቱ ልጅቷን ደረጃ ላይ ያዝኳት። «ካሴቱ ውስጥ ያለችው አሮጊት ልጇ መጣላት?» አልኳት።

«የትኛዋ አሮጊት?»

«ሻንጣ የያዘችው።»

«ሻንጣው ሰማያዊ ነው» አለች ቶሎ ብላ።

«ማን ነው የያዘው?»

 ያን ካሴት ከመስከረም ጀምሮ ስትሰማው ነበር፤ አሮጊት እንዳለች ግን አታውቅም። ፊቷ ሲነጣ አየሁ፤ እንባዋ ሲመጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ሳጥን ማሸግ ነው እንግዲህ ናይናይ» አለች። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል።

እኔ ምን አውቃለሁ? አላስተማሩኝም፣ አላስተምርም። አንድ የማውቀው ነገር ግን አለ፤ ቃል መላክ። በልጅነቴ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በሌለበት አገር፣ እናቴ ለአክስቴ ቃል ስትልክ የምትልከው እኔን ነበር። ወንዝ ተሻግሮ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከመነሳቴ በፊት «በይ ድገሚልኝ» ትለኛለች፣ እደግማለሁ። ስደርስ ቃሉን ሳላወርድ ውሃ እንኳ አይሰጠኝም፤ ቃል የተሸከመ ሰው ከጠጣ ቃሉን አብሮ ይውጠዋል ትል ነበር አክስቴ። ከነገርኳት በኋላ ደግሞ ምርመራው ይመጣል። ስትነግርሽ ቆማ ነው ተቀምጣ? ተቆጥታ ነው ስቃ? መጨረሻ ላይ ምን አለች? አንዲት ቃል ብቻ ይዤ ብመጣ አክስቴ መልሳ በሰደደችኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብራኝ መዞር ጀመረች። ካሴት የለ፣ ወረቀት የለ። መጀመሪያ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ላክኋት፤ እዚያ አንዲት ወፍራም ጥቁር አሜሪካዊት ትሠራለች፣ ሰው ካገኘች አትለቅም። «ሂጂና ያቺ ጥግ ያለችው ማሽን ለምን ወረቀት እንደ ተለጠፈባት ጠይቂያት። ያለችውን ሁሉ አምጪልኝ።»

ተመለሰች። «ተሰበረ።»

«ይሄ ቃል ነው፤ መልእክት አይደለም። ተመለሺ።»

«ናይናይ፣ አፍራለሁ።»

«እፈሪና ሂጂ።»

ተመለሰች። «ከትናንት ጀምሮ ነው የተሰበረው። ሳንቲም ይበላል።»

«ሴትዮዋ ተቆጥታለች?»

«ትንሽ።»

«ማንን ነው የተቆጣችው? ማሽኑን?»

ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታወራለች፣ ልጅቷ አንገቷን ታነቃንቃለች፣ ድንገት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሮጣ መጣች። «ባሏን ነው! እጠግነዋለሁ ብሎ ምሏል፣ ከዚያ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። ሲመለስ ራሱን ማሽኑ ውስጥ እከተዋለሁ ትላለች!»

«አሁን ውሃ ጠጪ» አልኳት፣ ጠርሙሴን ሰጠኋት።

እንዲህ ነበር የኛ ልምምድ። ጎማ ቤት፣ ፌርማታ፣ ዳቦ ቤት። ንባቡን ደግሞ እኔው ራሴ ሆንኩላት። ልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ላይ ሰው የሚለጥፈውን፣ ቢሮው በራችን ላይ የሚያኖረውን ሁሉ «ንገሪኝ እንጂ አታንብቢልኝ» እላታለሁ። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻሌ ጠቀማት፤ ካልገባት አይገባኝም፣ ካልገባኝ አለቃትም። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ የተለጠፈ የጠፋች ድመት ማስታወቂያ ስትነግረኝ ቆይታ «ናይናይ፣ ይህቺ ሴት የምትፈልገው ድመቷን አይመስለኝም፣ ከወሰዳት ሰው ጋር ነው የተጣላችው» አለችኝ። በኋላ እውነት ሆኖ አገኘነው።

ክፍሉንም አልተወችም፣ አባቷ የላኳት እዚያ ነውና። መምህሩ ግን አልወደዱትም። ወረቀቷ አሥር ከአሥር መሆኑ ቀረ፤ ስድስት መጣ፣ አምስት መጣ። «ታስቢያለሽ! ለምን ታስቢያለሽ? ዘገየሽ!» ብለው ሲጮኹባት በጆሮዬ ሰማሁ። ልጅቷ እኔን አየች። እኔ መጥረጊያዬን አየሁ። ብሳሳትስ? የሰው ልጅ ከአንደኝነት አውርጄ መጋዘን ብከታትስ? ልጄም «እማዬ፣ የሰው ትምህርት ውስጥ አትግቢ፣ ጃብሽን ታጫለሽ» ትለኝ ነበር። ያን ሰሞን እግሬ እንኳ መዞር አስጠላው።

የፈተናው ቀን ፌርማታው ላይ ጠበቅኋት። አውቶቡሱ ሲቆም መጀመሪያ ሁለት የክፍሉ ወንዶች ወረዱ፤ እየተሳሳቁ «ቢ፣ ሲ፣ ኤ፣ ዲ» እየተባባሉ አለፉኝ። የፈተናው ካሴት ግን ከለመዱት ሌላ እንደ ነበር በኋላ ተሰማ። እነሱ አላስተዋሉም፤ እጃቸው እንደ ለመደው ሄዶ ጨርሷል።

እሷ መጨረሻ ወረደች። ሰላም አላለችኝም። ፊቷ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ተኮማትሯል።

«ናይናይ» አለች፣ «ቆረጡት!»

«ምኑን?»

«ታሪኩን! አንድ ገበሬ ዕውር በቅሎ ገዛ፣ ሻጩ አልነገረውም። መንገድ ላይ ሲያውቅ መልሶ ሊሸጣት ወደ ገበያ ሄደ፣ ሲደርስ ሌላ ሰው መጣና ይህች በቅሎ ታያለች ወይ ብሎ ጠየቀው። ገበሬው አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ቆረጡት! ስንት ከረጢት ጭና ነበር ብለው ጠየቁኝ! ከረጢት! ምን አለው ግን? ዋሸው? ነገረው?» እግሯን መሬት መታች። «አስጠሉኝ!»

እቅፍ አድርጌ ሳምኳት። ያኔ ነው ማለፏን ያወቅሁት፤ ውጤቱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ማዳመጡንም ንባቡንም አልፋለች። ከአሥራ ሁለቱ አብዛኞቹ ወደቁ። መምህሩ ክራቫታቸውን እያጠበቁ «ካሴቱን ለወጡብን» አሉ፣ በጣም አዝነው፣ እንደ ተሰረቀ ሰው። ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ካሴት አገኙ።

በዚያው ሳምንት መስኮቱን ላጸዳ ስወጣ ከፎቶዎቹ መሀል የልጅቷን ፊት አየሁት፣ ትልቅ ተደርጎ፣ በቀይ ጽሑፍ ታጅቦ። ምን ይላል ብዬ ግሮሰሪ የምትሠራውን ልጅ ጠየቅኋት። የመምህሩ ዘዴ ያፈራት አንደኛ ተማሪ ይላል አለችኝ።

 በፍሬም የሰቀልኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። የማስቲካ ቢላዋዬን አወጣሁና የፎቶውን ጥግ ማንሳት ጀመርኩ።

«ይተዉት ናይናይ።» ልጅቷ ከኋላዬ ቆማለች፣ ደብተሯን ታቅፋ።

«ውሸት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በሱ ሌላ ልጅ ይመጣል። ሌላውም ይለምዳል።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «አባቴ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ እዚህ ይቆማል» አለችኝ። «ማንበብ አይችልም። ፎቶውን ያያል። አውቶቡሱ አልፎት ያውቃል። ስለ መጋዘኑ ካነሣ ቆየ።»

ቢላዋዬን መለስኩ። ያነሣሁትን ጥግ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ለጠፍኩት፣ በገዛ እጄ። መስታወቱን ሳሙና ቀባሁ፣ በጨርቅ ወለወልኩ፣ ፎቶው ዙሪያ ጠብታ እንዳይቀር አድርጌ። ልጅቷ ወደ ቤቷ ሄደች። ከውስጥ አዲሱ ካሴት ሲጀምር፣ ከዚያ የመምህሩ ጣት ጠረጴዛውን ሲመታ ይሰማኛል። ባልዲዬን ገልብጬ መቀመጥ ያን ቀን አልቻልኩም። ልጆቹ እስኪወጡ ውጭ ቆምኩና፣ ሲወጡ ጓንቴን አጥልቄ፣ ቢላዋዬን ይዤ ጠረጴዛዎቹ ሥር ገባሁ።